አበልጄ ዝም ያለችበት ጠዋት

ብዙ መናገር አልወድም። የነፍስ አባቴ ግን «የተደረገልሽን ደግ ነገር አንቺ ካልነገርሽው ማን ይወቀው?» ስላሉኝ፣ የዚያን ቀን ነገር እንደ ሆነው ልጽፈው ተነሣሁ።

የምንኖረው ገንዳ ውሃ ነው። ባሌ አደራጀው ከደጋ ወርዶ፣ መሬት መንጥሮ፣ ሰሊጥ ዘርቶ፣ እኔንም አምጥቶ ኖረ። ሦስት ልጆች ወልደን ወባ ወሰደው። ሁለቱ ወንዶች ገና ተማሪዎች ናቸው። ትልቋ ትርንጎ ናት። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች። እኛ አገር ሥራ የለም ማለት አይቻልም። በመከር ጊዜ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ሳሉግ የምንለው፣ መንገዱን ሞልቶት ይታያል። ነገር ግን ባለሀብቱ ጉልበት አይቶ ወንድ ይመርጣል። ከዚያ የተረፈውን፣ የመጋዘኑንም የሚዛኑንም ሥራ፣ ደላላው ለዘመዱ ይሰጣል። ለሴት ልጅ የሚቀረው አረም ነው። አለዚያም ጫካ ውስጥ ካለ እርሻ ወርዶ ለሳሉግ ወጥ መሥራት ነው።

ትርንጎ ይህንኑ ልታደርግ ቆርጣ ነበር። በቋራ በኩል፣ ከገለጉ እልፍ ብሎ ያለ አንድ ትልቅ እርሻ ምግብ አብሳይ ይፈልጋል ተባለ። ብዙ ወንድ በሚያድርበት ካምፕ አንዲት ወጣት ሴት ብቻዋን! ከሰፈራችን እንዲሁ ሄዳ የተመለሰች ልጅ አለች። ዛሬም ድረስ ከቤት አትወጣም። ስለ እሷ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

«አትሄጂም» አልኳት።

«ታዲያ ምን ልሁን እማ? ኒም ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ላርጅ?»

ወደ እርሻው የሚወስዳት ትራክተር አጨዳ ሲጀመር እንደሚነሣ ነግራኝ ልብሷን ማጠብ ጀመረች።

በዚያው ሰሞን የከተማው አስተዳደር አዲስ ነገር አመጣ። ከከተማው ዳር የሰሊጥ ማበጠሪያ ሊከፈት ነው። ሠራተኛ የሚቀጠረው ግን በደላላ ሳይሆን በነዋሪው ፊት በሚወጣ ዕጣ ነው። መጀመሪያ ዕድሉ የሚሰጠውም ቤት ለሚያስተዳድሩ ሴቶችና ሥራ ላጡ ወጣት ሴቶች ነው ተባለ። ብዙ ሰው ሳቀ። «ዕጣውንም ዘመድ ያወጣዋል» አሉ። እኔ አልሳቅሁም። ዕጣ ሲባል ልቤ ሌላ ቦታ ሄደ። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን የመረጡት በዕጣ ነው። ዕጣ ሰው ይጥለዋል፣ የሚያነሣው ግን እግዚአብሔር ነው።

በምዝገባው ቀን ትርንጎ አረም ላይ ውላ ነበርና እኔ ሄድሁ። ስም ብቻ ነበር የሚጻፈው፤ መታወቂያ የሚታየው ዕጣው ሲወጣ ነው። መዝጋቢዋ ልጅ ሰው ከቧት ላብ በላብ ሆናለች።

«ስም?» አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ዘንድ የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም። ክፉ ሰው ከያዘው መተት ይሠራበታል ይባላል። እናቴ የእኔን እንደ ደበቀችው እኔም የልጄን ደብቄዋለሁ። የሚያውቁት የነፍስ አባታችን፣ እኔ፣ እሷ ራሷና የክርስትና እናቷ ብቻ ናቸው። ነገር ግን ያ ስም በጸሎት ጊዜ የሚጠራ ነው። በቍርባን ጊዜ የሚጠራ ነው። ስንሞትም በእሱ ነው ፍታት የሚደረግልን። እግዚአብሔር ልጄን የሚያውቃት በዚያ ስም ከሆነ፣ በዕጣውስ ውስጥ በሌላ ስም እንዴት አድርጎ ያግኛት?

ወደ መዝጋቢዋ ጆሮ ጎንበስ አልሁና «ወለተ ገብርኤል አደራጀው» አልኋት። ጻፈችው። መልካም ያደረግሁ መስሎኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ዕጣው የወጣው የመጀመሪያው ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ሜዳው ላይ ዳስ ተጥሏል። የሥራ ጉዳይ ኃላፊው አቶ ምስጋናው ናቸው፤ ወጣት ናቸው፣ ግን ቀልድ አያውቁም። ዕጣውን የሚያወጡት ሽማግሌ እጅጌያቸውን እስከ ክንዳቸው ሰብስበው፣ መዳፋቸውን ግራና ቀኝ ለሕዝብ አሳዩ።

«ምን ይደበቃል በእነዚህ ጣቶች፣ ዐጥንት ብቻ ናቸው!» አሉና ሰው አሳቁ።

እኔና ትርንጎ ከኋላ ቆመናል። አበልጄ እናና ከፊት ቁጭ ብላለች። እናና የትርንጎ የክርስትና እናት ናት። በሰማንያ ቀኗ ከካህኑ እጅ የተቀበለቻት እሷ ናት። ከአገራችን ስንወጣ የሥጋ ዘመድ ትተን ነው የወጣነው፤ እዚህ ያገኘሁት ዘመድ አበልጄ ነው። ባሏ ታከለ ከጭነት መኪና ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ቤቷን ብቻዋን ትገፋለች። ሕፃናት ልጆች አሏት። እሷም ተመዝግባለች።

ስሞች ተጠሩ። የተጠራች እልል እያለች ትወጣለች። እየቆየ ሰው መሳቁን ተወ፤ ዘመድ የሌላት ሁሉ ስትወጣ አየና። የኋለኞቹ ጥቂት ዕጣዎች ሲቀሩ ያ ስም በሞንታርቦ ወጣ።

«ወለተ ገብርኤል አደራጀው!»

ስንት ዘመን በሹክሹክታ የያዝሁት ስም በሜዳው ላይ አስተጋባ። ደነገጥሁ፤ ከድንጋጤው ግን ደስታው በለጠ። እልል አልሁ። ትርንጎ ክንዴን ይዛ «እማ! ምን አድርገሽ ነው?» አለችኝ። ፊቷ ዐመድ መስሏል። ያን ጊዜም አልገባኝም። ጎትቼ ወደ ፊት ወሰድኋት።

አቶ ምስጋናው መታወቂያዋን አዩ። ወረቀቱንም አዩ።

«ይሄ ትርንጎ አደራጀው ይላል።»

«አዎ ጌታዬ። ያኛው የክርስትና ስሟ ነው» አልሁ።

«እናቴ፣ ዕጣው የሚፈልገው የመታወቂያ ስም ነው።»

«እኔ ደግሞ ዕጣ የእግዚአብሔር ነው ብዬ ነው።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አንዱ ከኋላ «ለገብርኤል ደውሉለት፣ ይመስክር!» ብሎ ጮኸ። አቶ ምስጋናው አልሳቁም። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አምንዎታለሁ። ግን እኔ ስላመንሁ ብቻ ማድረግ አልችልም። ከዚህ በፊት በእህት ስም፣ በአክስት ስም ሥራ የያዘ ብዙ ነው። ይሄ ሁሉ ሕዝብ የወጣው ያ እንዳይደገም ነው። ዛሬ ለእርስዎ ብተወው ነገ ለደላላው ልተወው ነው። ስሙ የእሷ ለመሆኑ የሚመሰክር አለ?»

የሚመሰክር ነበረ። ዞር ስል ዓይኔ ከእናና ዓይን ጋር ተገጣጠመ። ከመቀመጫዋ ልትነሣ ያለች መሰለኝ። ነጠላዋን ሰበሰበች። ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለችና ዝም አለች።

«ጊዜ ስጡኝ፣ የነፍስ አባቴን ላምጣ» አልሁ።

«እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት እጠብቃለሁ። ካልመጣ ተጠባባቂዋ ትፈርማለች።»

የቀሩት ዕጣዎች ሲወጡ የእናና ስም አልነበረበትም። ከዚያ የተጠባባቂ ዕጣ ወጣ። ሽማግሌው አንዲት ወረቀት አንሥተው ለአቶ ምስጋናው ሰጡ።

«አንደኛ ተጠባባቂ፣ እናና ውበቱ!»

እልል ያለ ሰው አልነበረም። እናናም አላለች።

አንባቢዎቼ፣ ያኔ የቆምሁበትን ቦታ ዛሬም ሳልፈው እግሬ ይከብደኛል። ልጄን ልታድን የምትችለው ሴት አፏን ብትከፍት የገዛ ልጆቿን እንጀራ ልትሰጠኝ ነው። በዓይኔ እንኳ ልቆጣት አልቻልሁም። ዞሬ ሄድሁ።

ወደ ደብራችን ፀሐዩ እየሰነጠቀኝ ደረስሁ። አቃቢቷ እንደ ነገረችኝ የነፍስ አባቴ ለዘመድ ልቅሶ ወደ ገለጉ ወርደዋል።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«መንገዱን ታውቂው የለ፣ መኪና ባገኙ ጊዜ።»

ስልካቸውን አስደወልሁ። አይሠራም። ደጋግሜ አስደወልሁ። ትርንጎን ያጠመቋት ካህን ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። በደጀ ሰላሙ ተደፋሁ። «አንተ ታውቃለህ» ብቻ ብዬ ተነሣሁ።

ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ በእናና አጥር በኩል ያልፋል። እግሬ ቆመ። ልግባ? ገብቼ ምን ልበል? ከአጥሩ ውስጥ የታከለ ድምፅ ይሰማኛል። አንገረቡን፣ የጠፍር አልጋውን፣ ደጅ አስወጥቶ ጋደም ብሎበታል።

«ሠራተኛዋ! እስቲ ለእኔ ለሥራ ፈቱም ከርከዴ ቅጂልኝ!» ይላታል።

ከተጎዳ ወዲህ እንደዚያ ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም። ልጆቹ ሳቁ። ከርከዴው ሲቀዳ ተሰማኝ፤ የእሷ ሳቅ ግን የለበትም።

አልገባሁም። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ አለፍሁ።

ትራክተሩ የሚነሣው በዚያው ቀን ነበር። ትርንጎን ቤት ውስጥ ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት እየከተተች አገኘኋት።

«አባ አሉ?»

«የሉም።»

«አውቅ ነበር።» ከረጢቱን አጥብቃ አሰረችው። «ስምሽን ለሰው ከነገርሽ አበድሽ፣ ሞትሽ እያልሽ አሳደግሽኝ። ለጓደኞቼ እንኳ ነግሬ አላውቅም። አንቺ ለመዝጋቢ ሰጠሽው!»

«እግዚአብሔር እንዲያይሽ ብዬ ነው ልጄ።»

«አየኝ እኮ! ዕጣው ወጣልኝ እኮ! ያላየኝ መንግሥት ነው!»

እንባዋ መጣ። እሷ ስታለቅስ እኔ አላለቅስም፤ ልማዴ ነው። ትንሽ ቆይታ ተረጋጋች።

«እትዬ እናና ጋ ሂጂ። ታውቃለች። ሰምታ ዝም አለች፣ አይቻታለሁ። ሄደሽ በክርስትናዬ አምላክ በያት።»

«አልላትም።»

«ለምን?»

«ልጆች አሏት።»

«አንቺስ? እኔ ልጅሽ አይደለሁም?»

ይህንን ቃል ዛሬም እሰማዋለሁ። የመለስሁላት ይህንን ነው፦ «አበልጅነት በአምላክ ፊት የተገባ ቃል ኪዳን ነው። ዘመድ ሆኚኝ ብዬ የያዝኋትን ሴት፣ ከልጆችሽ አፍ አውጪና ስጪኝ ልበላት? ብታደርገው ከራሷ ያድርገው። እኔ ግን አልጠይቃትም።»

«እንግዲያው ትራክተሩ እንዳያመልጠኝ» አለችና ከረጢቷን አንሥታ ወጣች።

ተከተልኋት። ትራክተሩ የሚነሣው ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ተጎታቹ ላይ ሳሉግ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ተጭኗል። አብሳይ የምትሆን ሌላ ሴት አላየሁም። ትርንጎ ከረጢቷን ወርውራ ጫነች። ካቦው፣ ሠራተኛውን የሚመራው ሰውዬ፣ እጁን ሲዘረጋላት ያዝኋት።

«አንዴ ጽሕፈት ቤት ልግባ። አቶ ምስጋናው እንዳይጠብቁ ልንገራቸው። አብረሽኝ ግቢና ከዚያ ተሰናበቺኝ።»

እውነቱን ለመናገር የምለው ሁሉ ጊዜ ለመግፋት ነበር። እናት መለያየት ሲመጣባት አንድ እርምጃም ቢሆን ትሰርቃለች።

«ፈጠን በይ» አለችኝ።

ውስጥ ስንገባ እናና ከጠረጴዛው ፊት ቆማለች። መታወቂያዋን በሁለት እጇ ይዛዋለች። የሥራ መውጫው ሰዓት ደርሷል። ሽማግሌው በጥግ ባለ ወንበር ላይ ናቸው። አቶ ምስጋናው እኔን ሲያዩ ከኋላዬ ካህን ፈለጉ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው።

«አዝናለሁ እናቴ» አሉኝና ወደ እናና ዞሩ። ውሉን አቀረቡላት። «እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

እናና ብዕሩን አላነሣችም።

«አልፈርምም» አለች።

«ለምን? ሥራውን አይፈልጉትም?»

«መፈለጉንማ እፈልገዋለሁ ጌታዬ። ግን የእኔ አይደለም። የእሷ ነው።» ወደ ትርንጎ አመለከተች። «ወለተ ገብርኤል ይህች ናት። ስሙ ሲወጣላት ክንዴ ላይ ነበረች። የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ።»

አቶ ምስጋናው እናናን አዩ፤ እኔን አዩ።

«አበልጆች ናችሁ ማለት ነው?»

«አዎን።»

«ዘመድ ለዘመድ ሲመሰክር አንቀበልም ብለናል።»

«አትቀበሉ» አለች እናና። «እኔ ግን በዚህ ወረቀት ላይ እጄን አላሳርፍም። ማታ ልጆቼን ሳጎርስ ምን እንደማጎርሳቸው አውቃለሁና።»

አቶ ምስጋናው ብዕሩን አስቀመጡ። ዓይናቸው ከውሉ ላይ ካለው የእናና ስም አልተነሣም። ከዚያ ቀስ ብለው «የምትመሰክሪው እኮ በራስሽ ላይ ነው» አሉ። አንቱ ሲሏት ቆይተው በድንገት አንቺ ማለታቸውን እሳቸውም ያስተዋሉት አይመስለኝም።

«ነው።»

«አደራጀው የሚባለው ሰውዬ ሌላ ሴት ልጅ አለው?»

«የለውም። የቀሩት ሁለት ወንዶች ናቸው። ጎረቤት ይጠየቅ።»

«ጠዋት ስጠይቅስ የት ነበርሽ?»



«እዚያው ነበርሁ፤ ከፊት። ልነሣ ስል የትንሽዋ ልጄ ፊት መጣብኝ። ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲያ ስነሣ ስቀመጥ ዋልሁ።»

ሽማግሌው ከወንበራቸው «ምስጋናው፣ እኔ ብዙ ዳኝነት ተቀምጫለሁ» አሉ። «የሚጠቅመው ሳይሆን የሚጎዳው ሰው ሲመሰክር ግን ጥቂት ጊዜ ነው ያየሁ።»

ከውጭ የትራክተሩ ሞተር ተነሣ። ካቦው በመስኮቱ በኩል «አንቺ ልጅ! ይሄ ትራክተር የሠርግ መኪና አይደለም፣ አይጠብቅም!» ብሎ ጮኸ። ትርንጎ አልተንቀሳቀሰችም።

«ይህ ነገር በሕዝብ ፊት የተጀመረ ነው» አሉ አቶ ምስጋናው በመጨረሻ። «ነገ ጠዋት በሕዝብ ፊት እጨርሰዋለሁ። ምስክርነትሽን እዚያ ትደግሚዋለሽ? ሥራውን ማጣትሽን እያወቅሽ?»

«እደግመዋለሁ።»

«ከደገመችው» አሉ ወደ ትርንጎ ዞረው፣ «ቦታው የአንቺ ነው። ልብስሽን አስወርጂ።»

ትርንጎ ሮጣ ወጣች። ትራክተሩ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ካቦው እየተሳደበ ከረጢቱን ወረወረላት፤ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። አንሥታ አቀፈችው። እኔ በሩ ላይ ተደግፌ ያን ጊዜ አለቀስሁ።

በማግሥቱ እናና በሞንታርቦው ፊት ቆማ ቃሏን ደገመች። ጎረቤቶቻችንም ሌላ ሴት ልጅ እንደ ሌለኝ ተናገሩ። ማንም አልሳቀም። «ዕጣውንም ዘመድ ያወጣዋል» ያለ ሰው ካለ እዚያ ቆሞ ሰምቷል። ትርንጎ ፈረመች።

ዛሬ ልጄ ማበጠሪያው ውስጥ ትሠራለች። ማታ ስትመጣ ጸጉሯ በሰሊጥ ገለባ ተሸፍኖ ነው። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ምዝገባ መታወቂያ አስቀድሞ ይታያል። አቶ ምስጋናውም «የክርስትና ስማችሁን ለካህኑ፣ የመታወቂያችሁን ለእኛ» እያሉ ይጀምራሉ አሉ። ሰው ይስቃል። እኔ ባለሁበት ግን አይሉትም፤ እግዜር ይስጣቸው። ደላላ አስቀርተው ሥራን በአደባባይ ለማካፈል የደከሙትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ሕጋቸውን ለእኔ ሲሉ ስላላጣመሙትም አመሰግናለሁ። አጣመውት ቢሆን ኖሮ የአበልጄን ልብ አላውቀውም ነበር።

እናና ያን ሥራ አላገኘችም። ይህንን አላሳምረውም። ያን መከር በአጨዳ ዋለች፤ ልጆቿ እኔ ጋ ዋሉ። ታከለ ሁለት ሳምንት ያህል አላናገረኝም። ከዚያ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ሳልፍ «ምነው፣ ሰላምታም በዕጣ ሆነ እንዴ?» አለኝ። ገብቼ ተቀመጥሁ።

በዚያው ቀን እናናን ላመሰግናት ጀመርሁ። አስቆመችኝ።

«ተይ አበልጄ። ጠዋት ዝም ብያለሁ። አንቺም አይተሻል።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምኑን ታመሰግኝኛለሽ?»

እጇን ይዤ ቁጭ አልሁ። ኋላ ነው መልሱን ያገኘሁት፤ ለእሷም ነግሬያታለሁ፤ ለእናንተም ልንገር። እናና ወዲያው ተነሥታ መስክራ ቢሆን ኖሮ፣ ደግ ሴት ናት፣ ደግነት አይከብዳትም ብዬ አልፌው ነበር። ከጠዋት እስከ ሥራ መውጫ፣ በልጆቿና በልጄ መካከል ስትነሣ ስትቀመጥ መዋሏን አውቃለሁና ነው ውለታዋ የከበደኝ። በጸሎቴ የልጄን ስም ስጠራ የእሷን አስከትላለሁ። የክርስትና ስሟን አልጽፈውም።